ማረሻ ያልነካው መሬት

አሥሩ ቁጥሮች በቴሌግራም የመጡት ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ነው። የላከችልኝ ሕሊና ናት፤ አዲስ አበባ ቤተ ሙከራው ውስጥ፣ በእርሳስ ግድግዳ የታጠረችውን የጨረር መለኪያ የምትጠብቅ ልጅ። በአካል ተያይተን አናውቅም። እኔ ከሐይቅ ከተማ አፈር እልካለሁ፣ እሷ ቁጥር ትመልስልኛለች፤ ጓደኝነታችን ይኸው ነው።

ከቁጥሮቹ ሥር «ሰሚሃ፣ አየሽው? የሆነ ነገር ተበላሽቷል» ብላ ጽፋለች።

አየሁት። የተበላሸ ነገር ግን አልነበረም። መሬቱን ከላይ ወደ ታች ሦስት ሦስት ሳንቲሜትር እየሸረፍን አሥር ከረጢት ሞልተን ነበር የላክነው። ከአንደኛው እስከ ስድስተኛው ከረጢት ቁጥሩ ሦስት ገደማ፣ ሦስት ገደማ እያለ አንድ ዓይነት ይሄዳል። ሰባተኛው ላይ ገደል ይገባል። ከዚያ በታች ባዶ።

የሚለካው ነገር ሲዚየም ይባላል። እግዜርም አላህም የፈጠረው አይደለም፤ አያቶቻችን ጎረምሳ በነበሩበት ዘመን ታላላቆቹ መንግሥታት በየበረሃው የኑክሌር ቦምብ ሲሞክሩ ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ ዓለምን ዞሮ፣ ከዝናብ ጋር አምባሰል ላይም ወረደ። ማንም አላማከረን። መሬት ከነካ በኋላ አፈሩን ሙጭጭ አድርጎ ይይዛል፣ በቀላሉ አይለቅም። ሰው ባልነካው መሬት ላይ አብዛኛው ከላይ፣ ከሣሩ ሥር ይቀራል፤ ወደ ታች በተወረደ ቁጥር እየሳሳ ይጠፋል። እስከ ስድስተኛው ከረጢት ድረስ እኩል ከሆነ ግን አንድ ነገር ገልብጦታል ማለት ነው። ስድስት ጊዜ ሦስት አሥራ ስምንት ሳንቲሜትር ነው። በኛ ልክ አንድ ስንዝር። የአምባሰል በሬ የሚጎትተው ማረሻ ደግሞ ከስንዝር አይወርድም።

መሬቱ ታርሷል። ቦምቡ ከዘነበ በኋላ ታርሷል። አልታረሰም ብለው በሰው ፊት የማሉት ደግሞ አባቴ ናቸው።

ለሕሊና «ምንም አልተበላሸም» ብዬ መለስኩላትና ስልኩን ደፋሁት።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በጦርነቱ ዓመት አመለጠኝ። በሚቀጥለው ዓመት ስፈተን ከክፍላችን ያለፈ ሰው አልነበረም፤ እኔም ብሆን። ከዚያ ወዲያ ዘመዱ ሁሉ ባል ሲፈልግልኝ እኔ ለራሴ ኮምፒውተር ፈለግሁ። አባቴ አንድ የደለበ በሬ ሸጠው ገዙልኝ። መብራት ሲኖር፣ ኔትወርክ ሲመጣ፣ ፕሮግራም መጻፍና ሒሳቡን ብቻዬን ተማርኩ። «ማን አስተማረሽ?» የሚለኝ ሰው ሁሉ ያናድደኛል። አንድ ሰው የግድ ማስተማር ነበረበት?

ዶክተር ጌዴዎን ወደ ሐይቅ የመጣው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። የኑክሌር ደህንነት ተመራማሪ ነው። ሩቅ አገር ያለ ማመንጫ ቢፈነዳና ብናኙ በነፋስ መጥቶ አምባሰል ላይ ቢዘንብ፣ ከተዳፋቱ ታጥቦ ሐይቃችን ውስጥ ምን ያህሉ ይገባል? ዓሣው ውስጥስ? ይህን በኮምፒውተር ሞዴል ሊተነብይ ነበር። «እኛ አገር ማመንጫ የት አለና?» ብለው የባጃጅ ሾፌሮች ሲስቁበት እኔ ነኝ «ነፋስ ኬላ አያቆመውም» ብዬ አፋቸውን ያስያዝኩት። እሱንም ግን አልማርኩትም። ሞዴሉን ሲያሳየን ለሐይቁ መውጫ ወንዝ ሰጥቶት አየሁ።

«ዶክተር፣ ይህ የትኛው ሐይቅ ነው?»

«የናንተው ነዋ።»

«የኛው መውጫ የለውም። የገባበት አይወጣም። ይኼን ከሌላ አገር ሐይቅ ገልብጠው ነው ያመጡት።»

ሳቀ፤ ሳቁ ግን ጥርሱ ላይ ቀረ። በሳምንቱ ቀጠረኝ። ሞዴሉን አስተካከልኩለት። ናሙና ማውጣት፣ ማድረቅ፣ መንፋት፣ ከረጢት ላይ መጻፍ፣ ሁሉም የኔ ሥራ ሆነ። «የሞዴልሽ ትንበያ ከቤተ ሙከራው ውጤት ጋር ከገጠመ ዲግሪ ሳልጠይቅሽ አዲስ አበባ እወስድሻለሁ። ስምሽም ሪፖርቱ ላይ ይገባል» አለኝ። ስሜ። ሰሚሃ ባድሩ። ማታ ማታ በልቤ እጽፈው ነበር።

ለዚህ ደግሞ አንድ ማነጻጸሪያ መሬት ያስፈልገን ነበር፤ ሜዳማ፣ ጎርፍ ያልጠረገው፣ ማረሻ ያልነካው። ከሰማይ ምን ያህል እንደወረደ የሚታወቀው ከዚያ ነው። ዶክተሩ የሰፈራችንን ሽማግሌዎች ሰበሰበ። ሌላው ገና ጢሙን ሲያሻሽ አባቴ ከፊት ቀድመው ወጡ፤ ከቤታችን በላይ ያለው ሜዳ ላይ ወሰዱንና ዱላቸውን መሐሉ ላይ ተከሉ።

«ይኸው። ከአያቶቻችን ጀምሮ የከብት መዋያ ነው። ማረሻ ነክቶት አያውቅም።»

«እርግጠኛ ነዎት፣ አቶ ባድሩ?»

«ወላሂ!»

ከኋላ አንዱን ሽማግሌ ሳል ያዘው።

«ይህ ነገር ይጻፋል?» አሉ አባቴ።

«ይጻፋል እንጂ። እርስዎም ይፈርማሉ።»

«ማኅተም አለው?»

«አለው።»

አባቴ ፈገግ አሉ። እኔ ሞኟ ደግሞ በልጃቸው ሥራ የኮሩ መሰለኝ።

ያ ሜዳ ክስ ነበረበት። ከሦስት ዓመት በፊት ስህን የምትባል ሴት፣ የኡበይድ ልጅ፣ ወደ ሐይቅ ተመለሰች። በሰባ ሰባቱ ረሃብ አባቷ ከነቤተሰቡ በሰፈራ መኪና ተጭኖ ወደ ምዕራብ ሲሄድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። የሰፈሩበት አገር ደግሞ በተራው ሲያባርራቸው ባሏን እዚያው ቀብራ መጣች። ሜዳው የአባቴ እርሻ ነበር አለች። ወረቀት ግን የላትም። ነገሩ አበጋሮቹ ዘንድ ቀረበ፤ እስላምም ክርስቲያንም የሚያከብራቸው አስታራቂ ሽማግሌዎች ናቸው፣ እነሱ ፊት የተማለ ነገር ተመልሶ አይነሳም። አባቴ ማሉ፤ የከብት መዋያ ነው፣ ታርሶ አያውቅም። ስህን ከጠራቻቸው ሦስት ምስክሮች ሁለቱ ሞተዋል፣ ሦስተኛው አላስታውስም አለ። እሷም ወደ ሐይቁ ዳር ወርዳ ለአስጋሪዎች የዓሣ ቅርፊት መፋቅ ጀመረች።

አበጋር ፊት በሐሰት የማለ ሰው ከተገኘ ቤቱ አይበላም፣ ልጁ አይታጭም፣ ቀብሩ ላይ ሰው አይቆምም። አባቴ ታዲያ መሐላቸው ላይ የአዲስ አበባ ማኅተም ሊያስመቱበት ነበር የወጡት። ቢሮ የሚባል ሁሉ የተነገረውን የሚጽፍ መስሏቸዋል። አፈሩን ወስዶ የሚጠይቀው ቢሮ እንዳለ ከየት ይወቁ? እኔ ልነግራቸው እችል ነበር። አልጠየቁኝማ።

ከሰዓት በኋላ ዶክተሩ ደወለ።

«ሰሚሃ፣ ናሙናውን ስታደርቂ አቀላቅለሽዋል።»

«አላቀላቀልኩም።»

«ቁጥሩ እኩል ነው።»

«ስድስቱ እኩል ነው። አራቱ ባዶ ነው። ስድስቱን አቀላቅዬ አራቱን የማርኳቸው ምን ስላደረጉልኝ ነው?»

እሱ ከመደወሉ በፊት ሞዴሉን እንደገና አስኬጄው ነበር፤ «ታርሷል» ብዬ። የኮምፒውተሩ መስመር ሕሊና በላከቻቸው ነጥቦች ላይ ልክክ ብሎ ተቀመጠ። ምስሉን ላክሁለት። ሲያየው ትንፋሹ ተሰማኝ።

«ልክ ነሽ» አለ። «ታርሷል።»

«እንግዲያውስ የመሬቱ ምርጫ ተሳስቷል ብለው ይጻፉ።»

«የመሬቱ ታሪክ አባትሽ የፈረሙበት ወረቀት ነው። ተሳስቷል ለማለት ወይ ራሳቸው እንደገና ይፈርማሉ፣ ወይ መታረሱን የሚያውቅ ሌላ ሰው ፈርሞ ይመሰክራል። ያለዚያ ገምጋሚዎቹ የሚቀበሉት አንድ ምክንያት ብቻ ነው። የናሙና አያያዝ ስህተት።»

«የኔ ስህተት።»

«ስም አንጠራም። ‹የአካባቢው ረዳት› ነው የምንለው።»

«ሐይቅ ላይ ስንት ረዳት አለዎት?»

«...አንቺን።»

«ታዲያ ስም ጠሩ እኮ።»

አንድ ሳምንት ሰጠኝ። ናሙና አቀላቅላለች የተባለች ልጅ፣ ዲግሪም የሌላት፣ ቤተ ሙከራ በር ላይ እንደማትደርስ ሁለታችንም እናውቃለን።

አባቴን ያገኘኋቸው እዚያው ሜዳ ላይ ሣር ሲያጭዱ ነው።

«አባዬ፣ ይህ መሬት ታርሷል።»

ማጨዳቸውን አላቆሙም። «ማን አለሽ?»

«አፈሩ።»

«አፈር ደግሞ አፍ አወጣ?»

«አወጣ። እስከ ስንዝር ድረስ ተገላብጧል።»

«ፍልፈልም ይገለብጣል።»

«ፍልፈል ልክ ስንዝር ላይ ሲደርስ ይበቃኛል አይልም።»

አሁን ቀና አሉ። ላባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። «ያ ኮምፒውተርሽ ማን እንዳረሰው ይናገራል?»

«አይናገርም።»

«እንግዲያ ምን ጎደለሽ?»

«ኡበይድ ነው፣ አይደል?»

መልስ የሰጡኝ ሌላ እፍኝ ሣር አጭደው ካስቀመጡ በኋላ ነው። «እኔ አላረስኩትም። አርባ ዓመት ሣር ያበቀለ መሬት የማን ነው? ኡበይድ ሲጫን ይመለሳል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። ራሱም አላሰበ።»

«ልጁ ተመለሰች እኮ።»

«ተመለሰች። እሷ ስትመለስ ደግሞ አንቺ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠሽ ነበር። ያ በሬ ምን በልቶ የደለበ መሰለሽ?»

ሐይቅ ከተማ ምላሴን የሚፈራ ነጋዴ ሞልቷል። ያን ዕለት ግን ጎንበስ ብዬ ያጨዱትን ሣር ማሰር ጀመርኩ።

«ይፈርሙልኝ» አልኩ በመጨረሻ። «አንድ ፊርማ ነው። አዲስ አበባ ይሄዳል እንጂ አበጋሮቹ ጋ አይመጣም።»

«መሐላ ሁለት አንደበት የለውም፣ ልጄ። ያንቺ ስም ገና ነው፣ ሌላ ጊዜ ይጻፋል። የኔ ከተሰረዘ የምቀበርበት የለኝም።»

በማግስቱ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። ስህን ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ቆሮሶ የሚሉትን ዓሣ ትፍቃለች፤ ቅርፊቱ ክንዷ ላይ እንደ ብር ተለጥፏል። ላፕቶፔን ከፍቼ ምስሉን አሳየኋት። ነጥቦቹን፣ መስመሩን፣ ስንዝሯን። ቢላዋዋን ሳታስቀምጥ አየችው።

«እና ይኼ አባቴ ነው?»

«አባትሽ ያረሱት ነው፣ እትዬ ስህን። ሞዴሉ የማንን እጅ አይልም፤ ከቦምቡ ዝናብ በኋላ መታረሱን ግን ይላል። ከአያቶቻችን ጀምሮ አልታረሰም የሚለው ነገር አብቅቷል።»

ጣቷን በቀሚሷ ጠርጋ ስክሪኑ ላይ ስድስተኛው ነጥብ ጋ አደረገች። «ኡበይድ ጥልቅ ነበር የሚያርሰው። በሬዎቹን ይገድላል ይሉት ነበር» አለች። ፈገግ ልትል ነበር። ከዚያ ወደኔ ዞረች። «ምን ልታደርጊው ነው?»

ወረቀቱን አወጣሁ። እንድትፈርም፣ ታርሶ እንደነበር እንድትመሰክር።

«ይኼ ወረቀት አበጋሮቹ ጋ ይቀርባል?»

«አይ... ሪፖርቱ ላይ ነው የሚያያዘው። አዲስ አበባ፣ ከዚያም ውጭ አገር።»

«በምን ቋንቋ?»

«በእንግሊዝኛ።»

«እኔ በማላነበው ቋንቋ፣ በማላየው ሰው ፊት፣ የአባቴን እርሻ ልመስክር? መሬቱስ?»

ወረቀቱን አጠፍኩት።

«ለኔ ብለሽ ነው የመጣሽው፣ የባድሩ ልጅ፣ ወይስ ለስምሽ?»

ቁጣዬ መጣ። ለሁለታችንም ነው አልኳት፤ ማንም ሳይጠይቀኝ ሌላ ሰው ያልደረሰበትን እውነት ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ምስጋና ባይኖር እንኳ...

«ቅርፊት ልፋቅበት፣ ከፀሐዩ ዞር በይ» አለችኝ። ዞር አልኩ። «ስሚ። እፈርምልሻለሁ። እጄ ንጹሕ ባይሆንም እፈርማለሁ። ግን አንቺ ቀድመሽ ጁምዓ ከሰላት በኋላ አበጋሮቹ ሲቀመጡ ይህን ያልሽኝን እነሱ ፊት ትይዋለሽ። በአማርኛ። እዚያው በቆምሽበት እፈርማለሁ።»

«እሺ» አልኳት። እሺ ማለት እንዴት እንደሚቀል!

ጁምዓ ከሰላት በኋላ ዋርካው ሥር አበጋሮቹና የሰፈሩ ሽማግሌዎች ሰባት ሆነው ተቀምጠዋል። አባቴ ከዳር ሦስተኛው ናቸው። ላፕቶፑን በነጠላዬ ሸፍኜ ቆምኩ፤ ፊት ለፊት፣ ከሰዎቹ ኋላ፣ ስህን ቆማለች። ታጥባ መጥታለች። ሽቱ ነገርም ነካክታለች መሰለኝ፤ የዓሣው ሽታ ግን አልለቀቃትም፣ አጠገቧ የቆሙት ሸሸት ብለዋል።

ትልቁ አበጋር «ልጃችን ሰሚሃ ነገር አለኝ ብላለች አሉ። ተናገሪ፣ አትፍሪ» አሉ።

አባቴን አየኋቸው። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። አይን አይኔን እያዩ ተስቢሃቸውን ይቆጥራሉ፤ ጣታቸው አንዷ ዶቃ ላይ ቆማ ቀርታለች። ያችን ዶቃ አልፈው እንዲቆጥሩ ነበር የጠበቅሁት። አላለፏትም።

አፌን ከፈትኩ። ሞዴሉ፣ ስንዝሩ፣ ስድስቱ ከረጢት፣ ሁሉም ተሰልፎ ነበር። በአማርኛ እንዴት እንደምለው ሦስት ቀን ተለማምጄበታለሁ።

«ጥናቱን... ጥናቱን ስለተባበራችሁን ላመሰግናችሁ ነው» አልኩ።

«አላህ ያሳድግሽ!» አሉ ትልቁ አበጋር። «የአባቷ ልጅ። እውቀቷን ለወገን የሚጠቅም ያድርገው።»

«አሚን!» አለ ሰዉ ሁሉ። አባቴም አሚን አሉ፤ ዶቃዋም አለፈች። ስህን እጇን ለዱዓ አልዘረጋችም። አሚኑ ሳያልቅ ቁልቁል ወደ ሐይቁ መንገድ ጀመረች።

ለዶክተሩ ምስክር አላገኘሁም አልኩት። «ጥሩ ሞከርሽ» አለኝ፤ ይህን ቃል ከዚያ ወዲህ መስማት አልችልም። ሌላ ማነጻጸሪያ መሬት አለኝ ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ ግን ነገርኩት። የሐይቅ እስጢፋኖስ ደን፤ መነኮሳቱ ለዘመናት ማረሻ አላስገቡበትም። ወደ ገዳሙ ሴት አይገባም። ዶክተሩና ሹፌሩ ገቡ፣ እኔ ከውጭ መንገዱ ላይ የተረፈውን ባዶ ከረጢት ታቅፌ ጠበቅሁ። አሥሩንም ከረጢት የጻፈባቸው ሹፌሩ ነው።

ውጤቱ በወሩ መጣ። ከላይ ወፍራም፣ ወደ ታች እየሳሳ፣ ልክ ሞዴሌ እንዳለው። ሕሊና ሦስት የእሳት ምልክት ላከችልኝ። ሪፖርቱም ወጣ። ሞዴሉ በእጅጉ የተሳካ ነው ይላል። ገጽ አርባ አንድ ላይ፣ ከሠንጠረዥ በታች፣ በትንሽ ፊደል፣ የመጀመሪያው ቦታ ናሙናዎች በአካባቢው ረዳት አያያዝ ስህተት ስለተቀላቀሉ ከስሌቱ ወጥተዋል የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። ያለሁት እዚያ ነው። ሹፌሩም ለባጃጅ ሾፌሮቹ ነግሯቸው ወሬው ሐይቁ ዳር ድረስ ወርዷል።

ቢሮ ተብላ የተከራየችውን ክፍል የማስረክብበት ቀን ስህን በሩ ላይ ቆመች። ከዋርካው ወዲህ ፊት ለፊት አልተያየንም። በእጇ ባዶ ማዳበሪያ ይዛለች።

«ከአባቴ መሬት ያወጣችሁት አፈር ሁሉም አዲስ አበባ ሄደ?»

«ግማሹ እዚህ አለ። መጠባበቂያ ነው።»

«ትፈልጊዋለሽ?»

«አይ።»

«እንግዲያ ስጪኝ። ጣሳ ውስጥ ጤና አዳም እተክልበታለሁ።»

አሥሩን ከረጢት ከመደርደሪያው አወረድኩላት። እያንዳንዱ ላይ ጥልቀቱ፣ ቀኑ፣ ቁጥሩ በእጄ ጽሑፍ አለ። በልማዴ ከአንድ እስከ አሥር ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። አንደኛውን ከፍታ ማዳበሪያው ውስጥ ገለበጠችው። ሁለተኛውን በላዩ ላይ። ሦስተኛውን አነሳች።

«እትዬ ስህን፣ አታቀላቅይው!» አልኩ፤ ከአፌ አመለጠኝ። «ለየብቻ ነው የሚያዘው።»

ሦስተኛውን እንደያዘች አየችኝ።

«ተቀላቅሏል ብላችሁ ጽፋችሁ የለ?» አለች፤ ገለበጠችውና ወደ አራተኛው እጇን ሰደደች።